ንግሥት እሌኒ፦ ከሐድያ ገራድ ቤት እስከ መርጡለ ማርያም ፍርስራሽ

መግቢያ

በምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ በሚገኘው የመርጡለ ማርያም ገዳም ቅጥር ግቢ ውስጥ፣ ዛሬ ቅዳሴ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የአንድ ጥንታዊ ሕንፃ ፍርስራሽ ይታያል። ግድግዳዎቹ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው፤ በድንጋዮቹ ላይ አበባና ሐረግ መሰል ቅርጾች በከፍተኛ ጥንቃቄ ተቀርጸዋል። ይህ ፍርስራሽ ሦስት ባለቤቶች አሉት። የአካባቢው ትውፊት የደብሩን ምሥረታ እስከ አብርሃና አጽብሐ ዘመን፣ ከዚያም አልፎ እስከ ብሉይ ኪዳን መሥዋዕት ዘመን ይወስደዋል። የ16ኛውና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ንግሥት እሌኒ ያሠሩት መሆኑን ይመሰክራሉ። የኋለኞቹ ጎብኚዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሕንፃውን የኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ሥራ አድርገው ቆጥረውታል።

የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የንግሥት እሌኒን ሕይወት በቅደም ተከተል በመተረክ ፍርስራሹ በሕይወታቸው ውስጥ ያለውን ስፍራ ማመልከት ነው። ንግሥቲቱ ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እስከ ዐፄ ልብነ ድንግል በስድስት ነገሥታት ዘመን የኖሩ፣ በአብዛኛው ዘመንም በመንግሥቱ ምክር ውስጥ ድምፃቸው የተሰማ ሴት ነበሩ። ሆኖም በስማቸው የተጻፈ ዜና መዋዕል የለም። የሕይወታቸው ታሪክ የተበታተነው በነገሥታቱ ዜና መዋዕሎች፣ በፖርቱጋላውያን ዘገባዎችና በአንድ የጎጃም ደብር ድንጋዮች ውስጥ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሐድያ ወደ ቤተ መንግሥት

እሌኒ የተወለዱት ከሐድያ ገዥ ቤተሰብ ነው። አባታቸው መሐመድ በገራድነት ማዕረግ ሐድያን ያስተዳድር ነበር፤ ሐድያም በዚያን ጊዜ ለክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥት ግብር የሚከፍል፣ ነገር ግን በእስልምና ሃይማኖቱ ከምሥራቅ ሡልጣኔቶች ጋር የተሳሰረ ግዛት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ኢትዮጵያ በንጉሠ ነገሥቱና በገባር ገዥዎች መካከል ያለው ትስስር ከሚጸናባቸው መንገዶች አንዱ ጋብቻ ነበር። እሌኒም ወደ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468) ቤተ መንግሥት የገቡት በዚህ መንገድ ነው። በቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ንግሥቶች በቀኝና በግራ ማዕረግ ይሰየሙ ነበር፤ እሌኒ የቀኝ በዓልቲሐት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ጋብቻው ሰላምን ሙሉ በሙሉ አላስገኘም። ከመሐመድ በኋላ በስልጣኑ የተተካው ልጁ ማሂቆ፣ ማለትም የእሌኒ ወንድም፣ ግብሩን አልከፍልም ብሎ አመፀ። አጎቱ ባሞ ግን ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ሆኖ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱም የሐድያን የውስጥ ክፍፍል ተጠቅመው አመፁን ደመሰሱ፤ ማሂቆም ተገደለ። በዚህ ጊዜ እሌኒ በቤተ መንግሥት ውስጥ የነበሩበት ሁኔታ ቀላል አይደለም። የሥጋ ዘመዶቻቸው በሁለት ተከፍለው ሲዋጉ፣ እርሳቸው የአሸናፊው ንጉሥ ሚስት ነበሩ። የሐድያ ልጅነታቸው ለቤተ መንግሥቱ የፖለቲካ ዋስትና፣ ለራሳቸው ግን የማያቋርጥ ፈተና ሊሆን የሚችል ነገር ነበር። በኋለኛው ዘመን ከእስላማዊ ግዛቶች ጋር በሚደረገው ግንኙነት ላይ ያሳዩት ጥንቃቄ ከዚህ የወጣትነት ልምድ ተነጥሎ ሊታይ አይገባውም።

ጥምቀት፣ ስምና ትምህርት

ከሐድያ ገራድ ቤት ወደ ክርስቲያን ንግሥትነት የሚያደርሰው በር ጥምቀት ነበር። ከዚያ በር ሲወጡ የያዙት ስም የታላቁ ቆስጠንጢኖስ እናት፣ ቅዱስ መስቀሉን አገኘች የምትባለው የእሌኒ ስም ነው። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን የመስቀልና የእመቤታችን ማርያም ክብር በመንግሥቱ ሃይማኖታዊ ፖሊሲ ማዕከል ላይ ስለነበር፣ ይህ ስም ከጊዜው መንፈስ ጋር የሚስማማ ነበር።

የጥምቀት ቦታ ራሱ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የሕንፃ ታሪክ ውስጥ ረዥም መንገድ ተጉዟል። በአክሱም ዘመን ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት በአዱሊስና በመጠራ በተደረጉ ቁፋሮዎች የድንጋይ መጠመቂያ ገንዳዎች ተገኝተዋል። በአዱሊስ ሮቤርቶ ፓሪቤኒ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በመጠራ ደግሞ ፍራንሲስ አንፍሬ በክፍለ ዘመኑ አጋማሽ ያወጧቸው ቅሪቶች ይጠቀሳሉ። የመጠራው ገንዳ ውሃውን ያገኝ የነበረው የሸክላ እንስራዎችን አንዱን ከአንዱ ጋር በመግጠም በተዘረጋ መተላለፊያ ነው። በደረጃ የሚወረድባቸው እንዲህ ያሉ ገንዳዎች የተሠሩት ከሌላ እምነት ለሚመጣ አዋቂ ሰው ነው። ክርስትና የሕዝብ እምነት ከሆነና ሕፃናትን በዐርባና በሰማንያ ቀን ማጥመቅ ሥርዓት ከሆነ በኋላ ግን ትልቁ የድንጋይ ገንዳ አስፈላጊነቱ እየቀነሰ ሄደ።

ሆኖም የመጠመቂያው ቦታ በስም ደረጃ በእሌኒ ዘመን እጅግ ሕያው ነበር። በግብፅ የነበረው የምጥማቅ ገዳም መፍረሱ በተሰማ ጊዜ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሸዋ በተጉለት አዲስ ደብር አሠርተው ደብረ ምጥማቅ ብለው ሰየሙት። ምጥማቅ በግእዝ መጠመቂያ ማለት ነው። በዚሁ ደብር በ1450 በተደረገው ጉባኤ ሰንበትን ስለማክበር ለዘመናት የቆየው ክርክር በዕርቅ ተፈጸመ። የፈረሰን ቤተ ክርስቲያን በሌላ ስፍራ በስሙ ማቆም የንጉሥ ግዴታ ነው የሚለው አስተሳሰብ በእሌኒ ፊት በተግባር የታየ ነበር ማለት ይቻላል።

የእሌኒ ክርስትና ከስም ያለፈ እንደነበር ምንጮቹ ይስማማሉ። የዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ንግሥቲቱን በሕግ፣ በመጻሕፍት ዕውቀትና በማዕድ አዘገጃጀት የተካኑ፣ ቅዱስ ቁርባንን የሚያዘወትሩ አድርጎ ያመሰግናቸዋል። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ሆኖ ወደ ፖርቱጋል የሄደው ጸጋ ዘአብ የሰጠውንና ዳሚያው ደ ጎይሽ በ1540 ያሳተመውን ቃል የተከተሉ ጸሐፊዎች ደግሞ ሁለት ድርሰቶችን ለእርሳቸው ይሰጣሉ። አንደኛው እንዚራ ስብሐት፣ ሁለተኛው ጸዳለ ፀሐይ በመባል የሚታወቁ ናቸው፤ የእመቤታችን ድንግልና ጉዳይ የሚነሣው በመጀመሪያው ነው። የድርሰቶቹ ባለቤትነት ለተጨማሪ የጽሑፍ ምርመራ ክፍት ቢሆንም፣ በሙስሊም ቤት የተወለደች ሴት በነገረ ማርያም ደራሲነት ስሟ መጠራቱ በዘመኑ ሰዎች ዘንድ የነበራትን ግምት ያሳያል።

በስድስት ነገሥታት ዘመን

የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የመጨረሻ ዓመታት ለቤተሰባቸው አስከፊ ነበሩ። ብዙ የንጉሡ ልጆችና ዘመዶች በክህደትና በጣዖት አምልኮ ክስ ተቀጡ። የአልጋ ወራሹ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም በድብደባ ሕይወታቸው አለፈ። እሌኒ ከዚህ ማዕበል በሕይወት ወጡ። በ1468 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም እናት የሌላቸው ንጉሥ ነበሩ፤ እሌኒን እንደ ወላጅ እናታቸው አከበሯቸው፣ የንግሥትነት ማዕረጋቸውንም አጸኑላቸው። የእሌኒ የፖለቲካ ሕይወት እውነተኛ መሠረት የተጣለው በዚህ ጊዜ ነው። ራሳቸው ወራሽ ያልወለዱ ሴት የንጉሥ እናት የሚባለውን ክብር በማደጎ አገኙ።

ዐፄ በእደ ማርያም በ1478 ሲያርፉ ልጃቸው እስክንድር ገና ሕፃን ነበሩ። የመንግሥቱ ሥራ በንጉሡ እናት በሮምና፣ በቤተ ክህነት ሹማምንትና በብርቱው የጦር መሪ በዐምደ ሚካኤል እጅ ወደቀ። በዚህ የምክር ቤት ሽኩቻ የእሌኒ ተሰሚነት ለጊዜው ቀነሰ። ዐምደ ሚካኤል ከስልጣን ከወረደና ከተገደለ በኋላ ግን ስማቸው እንደገና ይነሣል። ዐፄ እስክንድር በ1494 በጦርነት ሞቱ፤ የተተኩት ሕፃኑ ዳግማዊ ዐምደ ጽዮን ስድስት ወር ያህል ብቻ በዙፋን ላይ ቆዩ። ቀጥሎ የነገሡት ዐፄ ናዖድ የበእደ ማርያም ልጅ ነበሩ፤ በእርሳቸውም ዘመን እሌኒ የተከበሩ አማካሪ ሆነው ቆዩ።

በ1508 ዐፄ ናዖድ ሲሞቱ የዙፋኑ ጥያቄ በእሌኒ እጅ ወደቀ። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ከጳጳሱ ከአቡነ ማርቆስ አፍ ሰማሁት ብሎ እንደዘገበው፣ ልብነ ድንግል የነገሡት አቡኑና ንግሥት እሌኒ ተስማምተው ነው፤ የመንግሥቱ ሀብትና የሹማምንቱ ልብ በእነርሱ እጅ ነበርና። አዲሱ ንጉሥ 11 ወይም 12 ዓመት ያህል ዕድሜ ነበራቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የመንግሥቱን ጉዳይ የመሩት ከንጉሡ እናት ከናዖድ ሞገሳና ከአቡነ ማርቆስ ጋር እሌኒ ነበሩ። ፖርቱጋላውያን ጸሐፊዎች እሌኒን የንጉሡ አያት ብለው ይጠሯቸዋል፤ በትውልድ ቆጠራ ግን የንጉሡ ቅድመ አያት ሚስት ናቸው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሞቱበት ዓመት የ20 ዓመት ወጣት ነበሩ ብንል እንኳ፣ በአረፉበት ጊዜ ዕድሜያቸው ከ70 በላይ ይሆናል፤ ከዚያም የሚበልጥ መሆኑ የበለጠ የሚያስኬድ ነው።

የጎጃም ርስትና የመርጡለ ማርያም መሠራት

የንግሥቲቱ ሥልጣን በምክር ብቻ የተደገፈ አልነበረም፤ መሬትና ግብር ነበረው። አልቫሬዝ የጎጃም ትልቁ ክፍል የእሌኒ እንደነበረ ይናገራል። ከዕረፍታቸው በኋላ የጎጃምን ግብር ለመቀበል የሄደው ቢትወደድ ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲመለስ 3,000 ፈረሶችና 3,000 በቅሎዎች፣ ከዚህም ጋር ልብስና ወርቅ አስቀድሞ መግባቱን ያው ጸሐፊ ይተርካል። ይህ ሁሉ ከአንድ ግዛት የተገኘ ነው። እንዲህ ያለ ገቢ ያላቸው ንግሥት ትልቅ ደብር ለመትከል አቅም እንዳልቸገራቸው ግልጽ ነው።

ዛሬ ከሸዋ ተነሥቶ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ በደጀን በኩል ወደ ጎጃም ደጋ የሚወጣ መንገደኛ፣ መንገዱ ሁለት ሆኖ ያገኘዋል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ያመራል፤ ሁለተኛው በብቸና በኩል ወደ ሰሜን ያቀናል። መርጡለ ማርያም የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው አቅጣጫ፣ ዓባይ ጎጃምን ከወሎ በሚለይበት ገደል አቅራቢያ ነው። የቦታው አቀማመጥ በእሌኒ ዘመን ትልቅ ትርጉም ነበረው። ነገሥታቱ በብዛት ይመላለሱባቸውና አድባራት ያሠሩባቸው ከነበሩት የአማራና የሸዋ አውራጃዎች ጋር ጎጃምን የሚያገናኘው ምሥራቃዊው ጠርዝ ነበርና። መርጡል በግእዝ ድንኳን ወይም አዳራሽ ማለት ሲሆን፣ የደብሩ አለቃ እስከ ዛሬ ርእሰ ርኡሳን በሚል ከፍተኛ ማዕረግ ይጠራል።

ሕንፃው መቼ እንደተሠራ ለመገመት የሚረዳ አንድ ምስክርነት አለ። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊ መልእክተኛ በዐፄ እስክንድር የመጨረሻ ዓመታት ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ አገሩ እንዳይመለስ ተከልክሎ የኖረ ሰው ነው። ለአልቫሬዝ እንደነገረው፣ ንግሥት እሌኒ በጎጃም ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መንበሩ እንዴት መሠራት እንዳለበት እንዲያሳይ ተጠርቶ ሄዶ ነበር። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ ተሞላ፤ የመንበሩ ጽላትም ከወርቅ ነበር። ኮቪልያ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1490ዎቹ መጀመሪያ በመሆኑ የውስጥ ሥራው ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም፤ ንግሥቲቱ በ1522 ገደማ በማረፋቸውም ከዚያ በኋላ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የመርጡለ ማርያም የእሌኒ ሕንፃ በእነዚህ 30 ያህል ዓመታት ውስጥ ይወድቃል።

ይህ ዘመን በሕንፃ ታሪክ ብቸኛ አይደለም። በዚያው ወቅት በዛሬው ደቡብ ወሎ አትሮንስ ማርያምና መካነ ሥላሴን የመሳሰሉ ንጉሣዊ አድባራት ተሠርተዋል። በዚያ አካባቢ ከጥንት አብያተ ክርስቲያናት የቀሩ የተቀረጹ ድንጋዮች ከመርጡለ ማርያም ቅርጾች ጋር የሚዛመዱ ናቸው። ኢየሱሳውያን ጸሐፊዎች ደግሞ እሌኒ ከግብፅ ባለሙያዎችን ማስመጣታቸውን የሚገልጽ ወሬ አቆይተዋል። ወሎ ድንጋይ ላይ ያለው ዝምድና የአገር ውስጥ ንጉሣዊ የሥራ ቡድን መኖሩን ሲያመለክት፣ የግብፁ ወሬ ደግሞ ከመንበረ ማርቆስ ጋር የነበረውን ግንኙነት ያስታውሳል። ሁለቱ አንዱ ሌላውን የሚያፈርሱ አይደሉም። አንድ የአገሬው ጠራቢ፣ አንድ የግብፅ ባለሙያና አንድ ፖርቱጋላዊ አማካሪ በአንድ ሕንፃ ላይ ሊገናኙ የቻሉበት ዘመን ነበር።

ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል መላክ

ንግሥት እሌኒን በዓለም ታሪክ ያስጠራቸው ሥራ ግን የድንጋይ ሳይሆን የወረቀት ነው። ፖርቱጋላውያን በህንድ ውቅያኖስ ኃይላቸውን ሲያጠናክሩ፣ በ1509 በዲዩ የባሕር ጦርነት የግብፅን ማምሉኮች መርከቦች ድል ሲያደርጉ፣ እሌኒ የቀይ ባሕርን ሚዛን መለወጥ ተገነዘቡ። የክርስቲያኑ መንግሥት በየብስ ጦር ብርቱ ቢሆንም መርከብ አልነበረውም፤ ፖርቱጋል መርከብ ነበራት፤ በአካባቢው ግን ስንቅና የጦር ሰፈር አልነበራትም። ንግሥቲቱ ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ነጋዴ ለንጉሥ ማኑኤል ደብዳቤ አስይዘው ላኩት። ደብዳቤው የጋራ ዘመቻን፣ ለመርከበኞቹ ስንቅ ማቅረብንና በሁለቱ ንጉሣዊ ቤቶች መካከል ጋብቻን የሚያነሳ ነበር። ከደብዳቤው ጋር የቅዱስ መስቀል ክፋይ ተልኳል። በጋብቻ ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት የሐድያ ልጅ ጋብቻን እንደ ዲፕሎማሲ መሣሪያ ማቅረባቸው፣ የመስቀል አግኚዋን ስም የያዙት ንግሥትም መስቀል መላካቸው የሕይወታቸውን መስመር የተከተለ ነው።

ማቴዎስ በ1512 ጎዋ፣ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። በመንገድ ላይ ሰላይ ነው ተብሎ ተጠርጥሮ ብዙ እንግልት ደርሶበታል፤ ንጉሥ ማኑኤል ግን በክብር ተቀበሉት። ከእርሱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ የተላከው አረጋዊው መልእክተኛ ዱአርቴ ጋልቫው በ1517 በቀይ ባሕር በከማራን ደሴት ሞተ። በስተመጨረሻ በሮድሪጎ ደ ሊማ የሚመራው ልዑክ በኤፕሪል 1520 ምጽዋ ደረሰ። ማቴዎስ ራሱ አገር ከገባ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ በደብረ ቢዘን አካባቢ አረፈ። ደብዳቤው ከተጻፈ ከ10 ዓመት በላይ አልፎት ነበር፤ የላኩት ንግሥት መልሱን የተቀበሉት ሌላ ፖለቲካ በሰፈነበት ጊዜ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በእነዚህ 10 ዓመታት ውስጥ ልብነ ድንግል አድገው ነበር። በ1517 ገደማ የአዳሉን የጦር መሪ ማሕፉዝን ድል አድርገው ገደሉ፤ በዚያው ዓመት ፖርቱጋላውያን ዘይላን አቃጠሉ። ወጣቱ ንጉሥ የምሥራቁ ስጋት አብቅቷል ብለው አመኑ። ለፖርቱጋል ልዑክ ማቴዎስን የላኩት እርሳቸው ሳይሆኑ ንግሥት እሌኒ መሆናቸውን የገለጹትም በዚህ መንፈስ ነው። ልዑኩ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ለስድስት ዓመት ያህል ቆይቶ በ1526 ተመለሰ፤ እሌኒ ያሰቡት ወታደራዊ ትብብር ግን በእርሳቸው ዕድሜ አልተፈጸመም።

አልቫሬዝ በጃንዋሪ 1521 የተመለከተው የጥምቀት በዓል የንግሥቲቱን የመጨረሻ ዘመን ቤተ መንግሥት በደንብ ያሳያል። ለበዓሉ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ጎኑ በሳንቃ ተደግፎ፣ በሰም የተነከረ ሸማ ተነጥፎበት፣ ውሃ በቦይ እንዲፈስበት ተደርጎ ነበር። ንጉሡ ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ይመለከቱ ነበር፤ ሕዝቡም በደረጃ እየወረደ ይጠመቅ ነበር። ቄሱ ይህን ዳግም ጥምቀት መስሎት ተቃወመ፤ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ግን በዓሉ የጌታ ጥምቀት መታሰቢያ እንጂ ልጅነትን የሚደግም ምሥጢር አይደለም። በንጉሡ በኩል ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ወደ ሌላ እምነት ሄደው በንስሐ የሚመለሱ ሰዎች መኖራቸው ነበር። አክሱማውያን በድንጋይ ያነጹት የአዋቂዎች መጠመቂያ፣ በተንቀሳቃሽ ቤተ መንግሥት ዘመን በሳንቃና በሸማ ተተክቶ ነበር ማለት ነው። በሁለት እምነቶች ድንበር ላይ የነበረው ኅብረተሰብ ጭንቀት ግን ያው ነበር፤ እሌኒም ያንን ድንበር በራሳቸው ሕይወት የተሻገሩ ሰው ነበሩ።

ንግሥቲቱ ልዑኩ አገር ውስጥ እያለ፣ በ1522 ገደማ አረፉ። አልቫሬዝ ሕዝቡ የእናቱን ሞት ያህል ማዘኑን ይመሰክራል።

ከእሌኒ በኋላ የሕንፃው ዕጣ

ንግሥቲቱ የፈሩት ነገር ከዕረፍታቸው ሰባት ዓመት በኋላ ደረሰ። ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በ1529 በሽንብራ ኩሬ የልብነ ድንግልን ጦር ድል አደረገ። በ1531 የኢማሙ ሠራዊት ወደ አማራ ገብቶ መካነ ሥላሴን አቃጠለ። ጦርነቱ ወደ ጎጃም ሲሻገር መርጡለ ማርያምም ከጥፋት አልተረፈችም፤ ወርቁ ተዘረፈ፣ ሕንፃውም ፈረሰ። እሌኒ የተመኙት የፖርቱጋል እርዳታ በ1541 በክሪስቶቫው ዳ ጋማ መሪነት ሲመጣ፣ ከንግሥቲቱ ሥራዎች ትልቁ ፍርስራሽ ሆኖ ነበር።

በ17ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ሱስንዮስ (1607–1632) ኢየሱሳውያንን ሲያቀርቡ፣ ሚስዮናውያኑ በዚሁ ፍርስራሽ ላይ አዲስ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። ማኑኤል ደ አልሜዳና ጀሮኒሞ ሎቦ የቦታውን ጥንታዊ ክብርና የእሌኒን ስም በጽሑፋቸው ያወሱት በዚህ ምክንያት ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ሚስዮናውያኑን ካስወጡ በኋላ ደብሩ ወደ ቀደመ ሥርዓቱ ተመለሰ፤ ግንቡ ግን ጥገና ሳያገኝ ቀረ። በ1842 ቦታውን የጎበኘው እንግሊዛዊ ቻርለስ ቤክ ስለ ፍርስራሹ ያዘጋጀው መግለጫ በ1847 በለንደን ታተመ፤ በዘመናዊ ጥናት ስለ መርጡለ ማርያም የመጀመሪያው ሰፊ ጽሑፍም ይኸው ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚነሣው ጥያቄ ከቆመው ግድግዳ የትኛው የእሌኒ፣ የትኛው የኢየሱሳውያን ነው የሚለው ነው። ለመለያ የሚረዱ ሁለት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው ማያያዣው ነው። በኖራ የመገንባት ጥበብ በዚህ አካባቢ የተስፋፋው በ1620ዎቹ፣ ከህንድ በመጡ ባለሙያዎች አማካይነት በመሆኑ፣ በኖራ የተያያዘ ግድግዳ ከእሌኒ ዘመን ይልቅ ለኋለኛው ይቀርባል። ሁለተኛው የቅርጽ ድንጋዮቹ አቀማመጥ ነው። የሐረጉ መስመር ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሳይቋረጥ የሚቀጥል ከሆነ ድንጋዩ ለዚያው ግድግዳ ተቀርጿል፤ መስመሩ ተቆርጦ ወይም ተገልብጦ ከተገኘ ግን ከቀደመ ሕንፃ ተወስዶ ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ ነው። በኖራ መካከል የተቀመጠ የተቆረጠ ሐረግ ካለ፣ እዚያ ላይ የእሌኒ ጠራቢና የ17ኛው ክፍለ ዘመን ግንበኛ በአንድ ግድግዳ ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ይህ ምርመራ ቁፋሮ እንኳ ሳይደረግ በመለካት፣ በሥዕልና በፎቶግራፍ ሊጀመር የሚችል ነው።

መደምደሚያ

የንግሥት እሌኒ ሕይወት ከሐድያ እስከ ጎጃም፣ ከደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዘመን እስከ ፖርቱጋል ልዑክ መምጣት ይዘልቃል። ሦስት ሥራዎቻቸው ሦስት የተለያየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። የመንግሥቱን ርክክብ በሰላም የማሸጋገር ሥራቸው በ1508 ተሳክቷል። የውጭ ግንኙነት ሐሳባቸው በሕይወት ዘመናቸው ችላ ተብሎ፣ ከሞታቸው ሁለት ዐሥርት ዓመት ገደማ በኋላ አስፈላጊነቱ በመከራ ተረጋግጧል። ሕንፃቸው ግን ፈርሶ፣ በላዩ ተሠርቶበት፣ ዳግም ፈርሶ፣ በመጨረሻ ለሌሎች ሥራ ተቆጥሯል።

ይህ የመጨረሻው ጉዳይ ለተመራማሪዎች ክብደት ያለው ነው። መርጡለ ማርያምን የኢየሱሳውያን ፍርስራሽ ብቻ አድርጎ መመዝገብ፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የ15ኛና የ16ኛ ክፍለ ዘመን የአገር ውስጥ የድንጋይ ጥበብ ከታሪክ ያስወጣል። የእሌኒ ብቻ ማድረግም የ17ኛውን ክፍለ ዘመን ንብርብር ይሠውራል። የደብሩን ትውፊት ወደ ጎን መተው ደግሞ ቦታው ከሕንፃው በፊት ለምን እንደተመረጠ የሚጠይቀውን መንገድ ይዘጋል። በዝናብና በሥር የሚሰነጠቀው የተቀረጸ ድንጋይ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት መረጃ ያጣል። ዜና መዋዕል ያልተጻፈላት ንግሥት ያላት የራሷ ሰነድ ይህ ግድግዳ በመሆኑ፣ ንብርብሮቹን ለይቶ መመዝገብ ከጥገናው መቅደም ያለበት ተግባር ነው፤ ሳይመዘገብ የሚጠገን ግድግዳ የተጠገነበትን ዘመን እንጂ የተሠራበትን አይናገርምና።